ከመለኪያው በፊት ስትሪፑን ጠይቁ

ከሚሴ ውስጥ ልጅ ሲያስመልሰውና ሲደክመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያቋርጠው ቆላማ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ወባና ቆላ ደግሞ የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው። ወባ ካልሆነ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ ካልሆነ ጨጓራ ይባላል። ልጁ ግን ላለፉት ሳምንታት ውሃ ሲጨልጥ፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሣ፣ እየበላ ሲከሳ ከርሟል። አሁን ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ትንፋሹም የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።

እነዚህ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ምልክቶች ናቸው። ወባውን ከስኳሩ ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ ደም፣ አንዲት የስኳር መለኪያ ስትሪፕና ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ስለ ሕክምና ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሰንሰርና ወገብ ላይ የሚታሰረው ፓምፕ ነው። እነሱም ተራቸው ይደርሳል። በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ ወይም በዳዋ ጨፋ ገጠር ስኳር ያለበትን ወጣት በሕይወት የሚያቆየው ነገር ግን የሚጀምረው ከዚያች ስትሪፕ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ለመጠየቅ አለማፈር ነው። በወላጅነት፣ በመምህርነት ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ ሆናችሁ ከላይ የተባሉትን ምልክቶች በልጅ ላይ ካያችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «የወባ ምርመራው ይደረግ፤ ስኳሩም ይለካ» በሉ። ሁለቱም ጣት አንዴ ተወግቶ ይሠራሉ። ልጁ የሚያስመልሰውና በጥልቀት የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ ነገን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ቤተሰብ አዘናግቷል። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የተከታተሏቸው ሕሙማን የሚናገሩት ሌላ ነው፤ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው መካከል ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኻና የገጠር ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናትም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህንኑ «ዓይነት አምስት» ብሎ ለብቻው ስም ሰጥቶታል። ስለዚህ ሐኪሙን «የልጄ ስኳር የትኛው ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እስኪታወቅ ድረስ ግን የታዘዘ ኢንሱሊን አይቋረጥ። ዱዓውም ጸበሉም ከመርፌው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ መርፌውን መተካት ግን አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በዓለም የመጀመሪያውን ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው ልጆች ሁሉ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቁ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ቀላል ይመስላል፤ ሲዘነጋ የሚያደርሰው አደጋ ግን ቀላል አይደለም። የብልቃጡንና የሲሪንጁን ቁጥር አስተያዩ። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት የያዘ ነው፤ ሲሪንጁም 100 የሚል ሊሆን ይገባል። 40 ተብሎ የተጻፈበት ሲሪንጅ በእጃችሁ ቢገባና ልጁ «20 ነው የታዘዘልኝ» ብሎ እስከ 20 ቢስበው፣ ወደ ሰውነቱ የሚገባው 50 ዩኒት ነው። ያ ልጅ ሌሊቱን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። በተቃራኒው ባለ 40 ኢንሱሊን በባለ 100 ሲሪንጅ ከተወሰደ 20 የተባለው 8 ብቻ ይሆናል። ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጡ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ አስተያዩት።

ደመና የሚመስለውን ኢንሱሊን አትናጡት፤ በመዳፎቻችሁ መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። ጥርት ያለውና ደመናማው በአንድ ሲሪንጅ የሚቀላቀሉ ከሆነ መጀመሪያ ጥርት ያለው ይሳባል። የሚወጋበት ቦታ ደግሞ ይቀያየር፤ ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲወጋ ቆዳው ሥር እብጠት ይሠራል፤ በእብጠቱ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን እንደ ልቡ አይሠራም።

ሦስተኛው እርምጃ ማቀዝቀዝ ነው፤ የቆላ ሰው የሚያውቀው ጣጣ ስለሆነ ረዘም ማለት ይገባዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ከሙቀት ተጠብቆ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ መጠባበቂያውን እዚያ አኑሩ፤ ነገር ግን በረዶ ከሚሠራው ክፍል አጠገብ አይሁን። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አያገለግልም። መብራት የሄደ እንደሆነ በሩን አለመክፈት ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ያቆየዋል።

ማቀዝቀዣ የሌለውስ? መልሱ ጓዳ ውስጥ አለ። ገንቦ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ሸክላው ስለሚያልበው ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በዚሁ ዘዴ፣ ሁለት ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ፣ የገበሬውን ቲማቲም ከብስባሴ በማዳኑ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል። ለኢንሱሊንም ይሠራል። አንድ ትልቅና አንድ አነስ ያለ ሸክላ ግዙ። በዘይት የታሸ ወይም ቀለም የተቀባ አይሁን፤ ውሃ ሲሞላ ውጭው የሚረጥብ ይሁን። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጡና ክፍተቱን በአሸዋ ሙሉት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ከትታችሁ ትንሹ ሸክላ ውስጥ አኑሩ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀምጡት። በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይህ ዘዴ ጥሩ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ያን ያህል አያቀዘቅዝም።

ሙቀቱ ሁሉ ኢንሱሊኑን ገደለው ብሎ መሸበርም አያስፈልግም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰሜን ኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ ኢንሱሊንን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት አቆይተው ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት ከኃይሉ ያጣው ከአንድ በመቶ አልበለጠም። ይህ ማለት ግን ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ስትሄዱ ኢንሱሊኑን የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ወይም ጣሪያው ላይ በታሰረ ሻንጣ ውስጥ ተዉት ማለት አይደለም፤ እዚያ ያለው ሙቀት ከ37 በብዙ ያልፋል። ከእጃችሁ አይለይ። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ደመናማው ከጓጎለ ወይም ብልቃጡ ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፈ ጣሉት።

አሁን ወደ መለኪያው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው ራሱ ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል። ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው፤ እያንዳንዱ መለኪያ ደግሞ የራሱን ስትሪፕ ብቻ ይቀበላል። ከውጭ የመጣ የሚያምር መለኪያ ስትሪፑ ከሚሴም ደሴም ካልተገኘ በሁለተኛው ወር የመሳቢያ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ያሉ መድኃኒት ቤቶችን ዞራችሁ «ሳይቋረጥ የምታመጡት የትኛውን ስትሪፕ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ለዚያ ስትሪፕ የሚሆን መለኪያ ግዙ። በቀን ሁለቴ የሚለካ ወጣት ባለ 50 ፍሬዋን ማሸጊያ በ25 ቀን ይጨርሳል። አስልታችሁ ግቡበት።

ከመለካቱ በፊት እጅ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ማንጎ የበላ፣ ሸንኮራ የመጠጠ ጣት ላይ የቀረች ጣፋጭ ቁጥሩን ወደ ሰማይ ትሰቅለዋለች፤ በዚያ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ኢንሱሊን ከተጨመረ ልጁ ይወድቃል። የሚወጋው የጣቱ ጎን ነው፤ ጫፉ ያማል። የስትሪፑ ዕቃ ወዲያው ይከደን፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። መውጊያው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእኅትም ለወንድምም አይዋስም።

በቀን ሁለት ስትሪፕ ብቻ ካላችሁ ሁሌ ጠዋት ጠዋት በመለካት አትጨርሷቸው። ሰኞ ከቁርስና ከምሳ በፊት፣ ማክሰኞ ከምሳና ከእራት በፊት፣ ረቡዕ ከእራት በፊትና ሲተኛ ለኩ፤ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ስትሄዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀኑ መልክ ይወጣል። ለብዙዎች የሚፈለገው ከ70 እስከ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ የእናንተን ልጅ ልክ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። ሰዓቱን፣ የተወጋውን ዩኒት፣ የተበላውንና የተሠራውን ሥራ ጨምሩበት። የማሽላ እንጀራ የተበላበት ቀንና አጨዳ የተዋለበት ቀን አንድ አይደሉም።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ከፍ ያለ ቁጥር በታየ ቁጥር የሚቆጡት ልጅ ብዙም ሳይቆይ ቁጥር መፍጠር ይጀምራል። ደብተሩ ያምራል፤ ልጁ ግን እየከሳ ይሄዳል። ደብተሩ የክስ መዝገብ አይሁን። 320 ሲጻፍ «ምን በላህ?» ከማለት «ምን እናድርግ?» ማለት ይሻላል፤ መልሱም ለቀጠሮ ቀን ይቀመጥና ነርሷ ወይም ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክልበት። መጠኑን የማይለውጥ ልኬት ስትሪፕ ማባከን ነው።

ላቦራቶሪው ሊሠራ የሚችል ከሆነ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ኤችቢኤዋንሲ አስለኩ። ልጁ በቅርቡ ወባ ታሞ ወይም ደም አንሶት ከሆነ ግን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲጎዱ ውጤቱ ይዛባል።

ስኳር የሚወርድበት ቀን አይቀርም። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፤ ነገር ይምታታበታል። ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ለመለካት ካልተቻለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ካልተነሣ ድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስክትደርሱም በጎኑ አስተኙት። ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሄድ ልጅ ኪሱ ውስጥ በፕላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አይጣ፤ መምህሩም ምን እንደሆነ ይወቅ። ለጎረምሶቹ ደግሞ በግልጽ ይነገር። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ኢንሱሊኑን ወግቶ ምሳውን ሳይበላ ሲቅም የዋለ ወጣት ማታ ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል።

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክም የሕክምና መሣሪያ ነው። የመርፌ ሰዓት ማንቂያ ይሞላበት። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ፈቃደኛ ለሆነች ነርስ በቴሌግራም መላክ የትራንስፖርት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ለብቻዋ ይላክ እንጂ የልጁ ጉዳይ በቡድን ገጽ ላይ አይበተን። የመለኪያው ስክሪን እንግሊዝኛ ሆኖ አያቱ የሚያውቁት ኦሮምኛ ከሆነ፣ «ከ70 በታች ስኳር አጠጡ» የሚለው ወረቀት በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ረመዳን ሲቃረብ የመለኪያው ጥቅም ይጎላል። ዓይነት አንድ ስኳር ላለበት ሰው ጾም ከባድ አደጋ እንዳለው ሐኪሞች ይስማማሉ፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ልጁ ግን እኩዮቹ ሲጾሙ መቅረቱ ያሳፍረዋል፤ ተደብቆ የሚጾምም አይጠፋም። ጉዳዩ ከወሩ በፊት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከሐኪሙና ከአንድ የሚያከብረው ሸኽ ጋር ይነሣ። በጾም ላይ ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያስፈታ ብዙ ዑለማዎች ያስረዳሉ፤ ይህን ከሸኹ አፍ መስማቱ ከሐኪሙ ምክር እኩል ይሠራል። ቁጥሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ የዚያኑ ደቂቃ ይፈታል። ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ2014 በረመዳን ስኳር ላለባቸው ሰዎች በስልክ አጭር መልእክት ምክር መላክ ጀምራ ነበር፤ ለተራ ስልክ የሚሆን ሥራ ነው፣ እኛም ዘንድ ቢጀመር አይከብድም።

ገንዘቡስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ቀዳሚው ነው። መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ቅርብ ያለው የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። ስትመዘገቡ ኢንሱሊኑ፣ ሲሪንጁና ስትሪፑ እያንዳንዳቸው ይሸፈኑ እንደሆነ ለየብቻ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም ፈልጉ። ለልጆችና ለወጣቶች ኢንሱሊንና መለኪያ የሚያቀርቡት ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ እና ቼንጂንግ ዳያቤቲስ ኢን ችልድረን የተባሉት ፕሮግራሞች በኢትዮጵያ ይሠራሉ፤ ከሚሴ ሆስፒታል ወይም ደሴ ላይ ስትታከሙ «ልጄ መመዝገብ ይችላል?» ብላችሁ በስማቸው ጠይቁ። በስም ያልጠየቀ ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ይመለሳል።

ሰንሰሩ ላይ ደረስን። የከሚሴና የወሎ ልጅ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ዘመድ አያጣም፤ ያ ዘመድ ደግሞ ማስታወቂያውን አይቶ ሊብሬ ልላክ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 አውሮፓ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ ከላይኛው ክንድ ጀርባ ይለጠፋል፤ ቀጭን ክሩ ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ቀንና ሌሊት ይለካል፤ 14 ቀን ቆይቶ ይጣላል። ድንቅ ነገር ነው፤ ጣት ሳይወጋ የሌሊቱን ጉዞ እንኳ ያሳያል። ሒሳቡ ግን ይህን ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ለመልበስ 26 ሰንሰር ያስፈልጋል። ዘመድ ሁለት ከላከ አንድ ወር እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ሁለቱን ብልህ ሆናችሁ ተጠቀሙባቸው። አንዱን ከሐኪም ቀጠሮ ሁለት ሳምንት በፊት ልበሱ፤ ሐኪሙም በሥዕሉ ላይ ተመሥርቶ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክል። ሌላውን ማስተካከያው መሥራቱን ለማየት አቆዩት፤ ማብቂያ ቀኑን ግን አስቀድማችሁ አንብቡ። ከመላኩ በፊት የልጁ ስልክ ኤንኤፍሲ የሚባለው የቅርብ ርቀት መገናኛ እንዳለው በቅንብሩ ውስጥ ተመልከቱ፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች የላቸውም፤ ከሌለው የሰንሰሩ የራሱ ማንበቢያ አብሮ ይላክ። አፑ እንደ አገሩ ሊለያይ ስለሚችል ላኪው እዚያው ያጣራ። የቆላ ላብ ማጣበቂያውን ይፈታዋል፤ ቆዳው ታጥቦ በደንብ ደርቆ ይለጠፍ፣ ከላይም ፕላስተር ይደረግበት። ክንዱን ተጭኖ ሲተኛ ሰንሰሩ የሌለ መውረድ ሊያሳይ ይችላል። ሰንሰሩ ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ስለሚዘገይ፣ ልጁ የሚሰማውና ስክሪኑ ካልተስማሙ ጣት ተወግቶ ይለካ። ለዚህም ሰንሰር ያለው ቤት ስትሪፕ አይጣ።

ፓምፑን በተመለከተ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ አጭር ነው፤ ገና ነው። ፓምፕ ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ስለሚያንጠባጥብ ቱቦው በተዘጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ባዶ ይቀራል፤ ቱቦውም በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል። ዕቃው ሳይቋረጥ የሚመጣበት መንገድ እስኪከፈት ድረስ፣ በትክክለኛ ሲሪንጅ የሚወጋ፣ በሸክላ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ይበልጣል።

ስለዚህ ጅዳ ያለው ወንድም ደውሎ «ምን ልላክ?» ሲል የመለኪያውን ጀርባና የስትሪፑን ማሸጊያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ ማብቂያ ቀኑ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ስትሪፕ እንዲገዛም ንገሩት።